ጸሐይንና ጨረቃን በአንድ የጀሶ ሰሌዳ ላይ ማወዳደር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ዓላማው

የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከጸሐይ ብርሃን ስንት እጥፍ እንደሚያንስ በተራ ካሜራ መለካት፤ ስህተቱም ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ። በሥነ ፈለክ ሰንጠረዦች ላይ ጸሐይ −26.74 ማግኒትዩድ (የሰማይ አካላት ድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይበልጣል)፣ አማካይ ሙሉ ጨረቃ ደግሞ −12.74 ተብለው ተመዝግበዋል። ልዩነቱ 14 ማግኒትዩድ ነው፤ ወደ እጥፍ ሲመነዘር 398,000 ገደማ ይሆናል። በካሜራ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑ በእጥፍ በእጥፍ ሲቆጠር፣ 18.6 ነው።

ዓይን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብሌኑ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ቢሰፋም የሚያስገባው ብርሃን በ12 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የሚለወጠው፤ የቀረውን ሬቲና ራሱን ከጨለማው ጋር እያለማመደ ስለሚያካክሰው የልዩነቱ ግዝፈት አይሰማንም። ብርሃን የሚለካ ርካሽ ሉክስ ሜትርም አያዋጣም። የጸሐይን 100,000 ሉክስ በደንብ ያነባል፤ ሙሉ ጨረቃ ግን ብትደምቅ 0.3 ሉክስ ገደማ ስለሆነች የመጨረሻዋን አሃዝ ብታንቀሳቅስ ነው፣ አለዚያ ዜሮ ያሳያል። የስልክ መተግበሪያዎችም ያው ናቸው።

ከካሜራ በፊት የነበረው መንገድ ሻማ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌር እ.ኤ.አ. በ1725 ጸሐይን ከሻማ፣ ጨረቃንም ከሻማ ጋር ለየብቻ አወዳደረ። የሻማው ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ እንደሚቀንስ ስለሚታወቅ ሁለቱን ውጤቶች አገናኝቶ 300,000 አገኘ። እንግሊዛዊው ዊልያም ዎላስተን ደግሞ በሻማ ጀምሮ 801,072 ላይ ደረሰ። የቡጌር ውጤት ከዛሬው ቁጥር በሩብ ያንሳል፣ የዎላስተን ግን እጥፍ ይሆናል። የሻማ ብርሃን ቀይ ቀይ ስለሚል በቀለም ከማይመስለው ብርሃን ጋር ድምቀቱን በዓይን ማመጣጠን እጅግ ያስቸግራል። ቡጌር በዚያ ዘመን መሣሪያ ይህን ያህል መቅረቡ በእውነት የሚደነቅ ሥራ ነው።

ሰሌዳው

ካሜራው ጸሐይን በቀጥታ አያይም። ጸሐይና ጨረቃ በየተራ አንድ ነጭ ሰሌዳ ያበራሉ፣ ካሜራው ሰሌዳውን ያነሳል። በዚህ መንገድ ዓይንም ሴንሰሩም አይጎዳም፣ ፊልተርም አያስፈልግም።

ሰሌዳው 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ነው። ጀሶ በውሃ ቀጠን ተደርጎ ተበጥብጦ በሦስት ስስ ሽፋን ተቀባ፤ እያንዳንዱ ሽፋን ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተስተካከለ። የጽሕፈት ወረቀት ያልተመረጠው ለማንጣት በሚጨመርበት ኬሚካል ምክንያት ነው። ኬሚካሉ አልትራቫዮሌት ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል። የጨረቃ ብርሃን ደግሞ ከጸሐይ ይልቅ ወደ ቀይ ያዘነበለ፣ አልትራቫዮሌቱም ያነሰ ስለሆነ ወረቀቱ ለጸሐይ ያዳላል። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለምም አይሆንም፤ እንደ መስተዋት ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ይወረውረዋል።

በሰሌዳው ጥግ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ሚስማር ቀጥ ብሎ ተመትቷል። ሰሌዳው ወደ ጸሐይ ሲዞር የሚስማሩ ጥላ እያጠረ ሄዶ ሲጠፋ ሰሌዳው ፊት ለፊት ገጠመ ማለት ነው። በጨረቃ ብርሃንም ጥላው በግልጽ ይታያል። 5 ዲግሪ ቢዛነፍ እንኳ የሚጠፋው ብርሃን ከግማሽ በመቶ በታች ስለሆነ እዚህ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ካሜራው ከሰሌዳው መሐል 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ወደ ጎን 35 ዲግሪ ገደማ ተዛንፎ፣ በእንጨት ክንድ ከሰሌዳው ጋር ታስሯል። ሁለቱ አንድ አካል ሆነው ነው በትራይፖዱ ላይ የሚዞሩት። ካሜራው ለብቻው ቢቆም ኖሮ ቀንና ሌሊት ሰሌዳውን የሚያይበት ማዕዘን ይለያይ ነበር፤ ጀሶም ቢሆን ከየአቅጣጫው እኩል ነጭ አይደለም።

ጥላ የሚጥለው ዲስክ

ሰሌዳው ላይ የሚያርፈው የጸሐይ ብርሃን ብቻ አይደለም። ቀን ሰማያዊው ሰማይ፣ ሌሊት በጨረቃ የነጣው ሰማይና የከተማው መብራት አለ። እነዚህን ለመቀነስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር የካርቶን ዲስክ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ተደርጎ ከሰሌዳው 1 ሜትር ፊት ለፊት ይያዛል። ጥላው ባረፈበት ቦታ የሚነበበው ሰማዩና የአካባቢው መብራት ብቻ ነው፤ ብርሃን ካረፈበት ቦታ ላይ ይህን ስንቀንስ በቀጥታ የመጣው ብርሃን ይቀራል።

ጥላውና ብርሃኑ በአንድ ፎቶ ውስጥ ጎን ለጎን መኖር አለባቸው። ለየብቻ ከተነሱ በመካከል የጎረቤት መብራት ሲበራ ወይም ሲጠፋ፣ መኪና ሲያልፍ፣ ቅናሹ ይበላሻል። የሌንሱ ዳርና መሐል እኩል ስለማያበራ ደግሞ ጥላው አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይጣልና አማካዩ ይወሰዳል። የጥላው ጠርዝ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይደበዝዛል፣ ሁለቱም አካላት ግማሽ ዲግሪ ስፋት ስላላቸው። ስለዚህ ንባቡ ከጥላው መሐል 4 ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ ብቻ ነው።

የካሜራው ቅንብር

50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ወይም አፐርቸር ስፋት)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ራው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፎቶ)። ፎከሱ በእጅ ተስተካክሎ በፕላስተር ታሽጓል። ለጸሐይ 1/2000 ሰከንድ፣ ለጨረቃ 30 ሰከንድ። የሚለወጠው የሻተር ጊዜ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ብቻ ነው፤ አፐርቸርም አይኤስኦም አይነኩም። ኤፍ 16 እና ኤፍ 4 በወረቀት ላይ የ16 እጥፍ ልዩነት ቢኖራቸውም በተግባር 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሊዛነፉ ይችላሉ።

በካሜራው ላይ የተጻፉት ሰከንዶች የተጠጋጉ ናቸው። ሻተሩ በእጥፍ በእጥፍ ስለሚቆጥር «30» የተባለው በተግባር 32 ሰከንድ፣ «1/2000» ደግሞ 1/2048 ነው። የሁለቱ ጥምርታ 65,536 ይሆናል። የተጻፈውን እንዳለ የወሰደ 60,000 ያገኛል፤ ገና ከመነሻው 8 በመቶ ተሳሳተ ማለት ነው። 32 መሆኑን በሰዓት ቆጥሮ ማረጋገጥ ቀላል ነው።

«የረጅም ፎቶ ጫጫታ ማጥፊያ» የሚባለው አማራጭ መጥፋት አለበት። በምትኩ የሌንሱ ክዳን ተከድኖ፣ በዚያው ቅዝቃዜ፣ 32 ሰከንድ የጨለማ ፎቶ ይነሳና ይቀነሳል። የካሜራው የዓይን መመልከቻም በጥቁር ጨርቅ ይሸፈን፤ በረጅም ፎቶ ጊዜ ብርሃን በዚያ በኩል ሾልኮ ይገባል።

ጄፔግ ፈጽሞ አይሆንም። ካሜራው ደማቁን ጨፍልቆ ጨለማውን ያነሳል፣ ቁጥሮቹም ከብርሃኑ ጋር ያላቸው ቀጥተኛ ግንኙነት ይጠፋል። ራው ፋይሎቹ ዲሲሮው በተባለው ነጻ ፕሮግራም ያለ ጋማና ያለ ነጭ ሚዛን (ድምቀትንና ቀለምን የሚለውጡ ማስተካከያዎች) ይፈታሉ፤ ኢሜጅጄ በተባለው የፎቶ መለኪያ ፕሮግራም ላይ የአረንጓዴ ፒክስሎች አማካይ ይወሰዳል። ከሁሉም ንባብ የካሜራው ጥቁር ደረጃ (ብርሃን ሳይኖር የሚያሳየው ቁጥር)፣ በዚህ ካሜራ 2,048፣ ይቀነሳል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ይህ ከተቀነሰ በኋላ ያሉ ናቸው።

የሻተር ፍተሻ

ረጅሞቹ ጊዜያት በኤሌክትሮኒክ ሰዓት ስለሚመሩ ትክክል ናቸው። የሚያጠራጥረው 1/2000 ነው። ፍተሻው በጨለማ ክፍል ውስጥ በመኪና ባትሪ በሚሠራ የሃሎጅን የፊት መብራት ተደረገ። የግድግዳ መብራት አይሆንም፤ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ያለ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚዋዥቅ 1/2000 ሰከንድ የምትቆርጠው አንዲት ቅንጣቢ ብቻ ናት፣ ንባቡም በየፎቶው ይዘላል።

አካሄዱ በ8 እጥፍ መውጣት ነው፦ 1/2000 ከ1/250፣ 1/250 ከ1/30፣ 1/30 ከ1/4፣ 1/4 ከ2 ሰከንድ፣ 2 ሰከንድ ከ15። በየደረጃው መብራቱ እየራቀ ትልቁ ንባብ 10,000 አካባቢ እንዲሆን ይደረጋል። አምፖሉ 10 ደቂቃ ይሙቅ፤ ባትሪው ቀስ በቀስ ስለሚወርድም አጭር፣ ረጅም፣ እንደገና አጭር እየተባለ ይነሳ።

ውጤት፦ 1/2000 ላይ የሚገባው ብርሃን መሆን ካለበት በ3 በመቶ ይበልጣል። ሌሎቹ ደረጃዎች ከ1 በመቶ በታች ናቸው። በፈጣን ጊዜ ሻተሩ እንደ ጠባብ ስንጥቅ ሆኖ ስለሚያልፍ የፎቶው ላይና ታችም በጥቂቱ ይለያያሉ። ስለዚህ ንባቡ ሁልጊዜ ከፎቶው አንድ ቦታ ላይ መሆን አለበት።

ከፍታና ሰዓት

አየሩ ሁለቱንም ያደበዝዛል፤ ወደ አድማስ ሲጠጉ ይበልጥ። ጸሐይም ጨረቃም በ45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሲሆኑ ከለካን ብርሃናቸው ያለፈበት የአየር ውፍረት እኩል ነው፣ ቀጥ ብሎ ከላይ ቢመጣ ከሚያልፍበት 1.41 እጥፍ። ከፍታው የሚለካው በፕሮትራክተርና በቱንቢ ነው። ለአዲስ አበባ በጥር ጸሐይ 45 ዲግሪ የምትደርሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በዚያ ወቅት ሙሉ ጨረቃ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ ስለምታልፍ 45 ዲግሪን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስትወጣ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 አካባቢ ደግሞ ስትወርድ ታቋርጠዋለች።

ጥር የተመረጠው ሰማዩ ስለሚጠራ ነው። ሁለቱን ልኬቶች በአንድ ቀን ማድረግ ሌላም ጥቅም አለው። ምድር በጥር ወደ ጸሐይ ስለምትቀርብ የጸሐይ ብርሃን በሐምሌ ከሚኖረው 7 በመቶ ገደማ ይደምቃል፤ ጨረቃም የምታንጸባርቀው ያንኑ ብርሃን ስለሆነ በአንድ ቀን ከተለካ ይህ ልዩነት ራሱን ያጠፋል።

የሌሊቱ ንባብ

በምሽት 3 ሰዓት ተኩል ቀጥታ የጨረቃ ብርሃን 868 ሆነ። በሌሊት 9 ሰዓት ከ40፣ በዚያው ከፍታ፣ ብርሃን ያረፈበት 1,171፣ ጥላው 211፣ ልዩነቱ 960። በስድስት ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ጨመረ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የምሽት ጭስ ነው፤ የከሰልና የማገዶ ጭስ በዚያ ሰዓት አየሩን በእርግጥ ያደበዝዛል። አብዛኛው ጭማሪ ግን የጨረቃዋ የራሷ ነው። ጨረቃዋ ልክ የምትሞላው በማግሥቱ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ስለነበር ጸሐይ፣ ጨረቃና ተመልካቹ የሚሠሩት ማዕዘን በየሰዓቱ በግማሽ ዲግሪ ገደማ እየጠበበ ነበር፣ ከ7 ወደ 4 ዲግሪ። በዚህ ክልል አንድ ዲግሪ 0.026 ማግኒትዩድ ስለሚያጎድል ሦስት ዲግሪ 7 በመቶ ይሆናል። ለጭሱ የሚተርፈው 3 በመቶ ነው። ለስሌቱ የተያዘው የሌሊቱ 960 ነው።

በሌሊቱ ሰዓት የሚያሰጋው ጤዛ ነው። ጀሶ ሲረጥብ ይጠቁራል፤ ገና ጠብታ ሳይታይ ንባቡ መውረድ ይጀምራል። መድኃኒቱ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በብርድ ልብስ ሸፍኖ ማቆየትና ከተገለጠ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ነው። በተከታታይ በተነሱ ፎቶዎች ላይ ንባቡ ወደ ታች ብቻ እየሄደ ከሆነ ጤዛ ነው፤ ጭጋግ ወይም ስስ ደመና ከሆነ ወደ ላይም ወደ ታችም ይላል። የሌንሱን ፊትም በየመሐሉ በባትሪ ማየት ይገባል።

የጠዋቱ ንባብ

4 ሰዓት ከሩብ። ሰሌዳው ደርቋል፣ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ተጠርጓል። ብርሃን ያረፈበት 7,900፣ ጥላው 900፣ ቀጥታ ጸሐይ 7,000። የሰማዩ ድርሻ 11 በመቶ ነው፤ ለዚህ ከፍታና ለጠራ ቀን ተገቢ። ይህ ቁጥር 20 በመቶ ቢደርስ ኖሮ ቀኑ ለልኬት አይሆንም ነበር፣ በጸሐይ ዙሪያ የሚነጣው አየር ከዲስኩ ውጭ እየተረፈ ከጸሐይዋ ጋር ይቆጠራልና። ነጭ ልብስ ለብሶ ከሰሌዳው አጠገብ መቆምም ንባቡን ይነካል፤ ጥቁር ይለበስ።

ስሌቱ

7,000 ለሻተሩ ስህተት በ1.03 ሲካፈል 6,796። ይህ ለ960 ተካፍሎ 7.079፤ በ65,536 ሲባዛ 464,000 ገደማ። በዚያ ሌሊት የነበረችዋ ጨረቃ ከጸሐይ በዚህን ያህል ታንስ ነበር።

ወደ አማካይ ሙሉ ጨረቃ ለማምጣት ሁለት እርማቶች አሉ። ጨረቃ በዚያ ሰዓት 391,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ነበር፤ አማካይ ርቀቷ 384,400 ነው። የጥምርታው ካሬ 1.035 ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 448,000 ይወርዳል። የ4 ዲግሪው ማዕዘን 0.104 ማግኒትዩድ፣ ማለትም 1.10 እጥፍ ስለሆነ የመጨረሻው ውጤት 407,000 ይሆናል። የሻተሩ፣ የጤዛው፣ የጭሱና የጥላው ስህተቶች ሲደመሩ 8 በመቶ ያህል ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ከ375,000 እስከ 440,000 ባለው መካከል ነን።

በንድፈ ሐሳብ በኩል ማረጋገጥም ይቻላል። የጨረቃ ሬዲየስ 1,737 ኪሎ ሜትር ለርቀቷ ተካፍሎ፣ ካሬው ተወስዶ፣ በ0.12 ሲባዛ 1/408,000 ይወጣል። 0.12 ጨረቃ ፊት ለፊት ስትበራ የምታንጸባርቅበት መጠን ነው፤ መሬቷ ጥቁር ግራጫ ነው፣ ሌሊት ነጭ የምትመስለን ከጥቁር ሰማይ ጋር ስለምትታይ ነው። ይህን ያህል መቀራረባችን ግን ዕድልም አለበት፤ የ8 በመቶው ስህተት አሁንም አለ።

ደካማው ቦታ የማዕዘን እርማቱ ነው። ከ5 ዲግሪ በታች ጨረቃ በዝግታ ሳይሆን በድንገት ትደምቃለች። የክሌመንታይን መንኮራኩር መረጃ እንዳሳየው ማዕዘኑ ከ4 ወደ 0 ዲግሪ ሲጠብ የገጽዋ ድምቀት ከ40 በመቶ በላይ ይጨምራል፣ ምክንያቱም የድንጋዮቹና የአቧራው ጥላዎች ከራሳቸው ከአካሎቹ ጀርባ ይደበቃሉ። 0.026 የሚለው ቁጥር ይህን ዝላይ አያካትትም። ልኬቱን ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ባለው መካከል ማድረግ የተሻለ ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ማስላት በአማካይ ከተቀመጠው −12.74 ጋር በቀጥታ ይወዳደራል።

ማረጋገጫ በፊልተር

ሁለተኛው መንገድ ሁለቱን አካላት በቀጥታ ማንሳት ነው፤ ጸሐይን በ5.0 ጥግግት የጸሐይ ፊልተር፣ ጨረቃን ያለ ፊልተር። ፊልተሩ ከ100,000 አንዱን ያሳልፋል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጸሐይ ከሙሉ ጨረቃ 4 እጥፍ ብቻ ደማቅ ሆና ትቀርባለች፦ 1/1000 ሰከንድ ለጸሐይ፣ 1/250 ለጨረቃ፣ ሁለቱም በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100። ፊልተሩ ከሌንሱ ፊት እንጂ ከኋላ አይገባም፤ ከመጠቀም በፊት ወደ ብርሃን ይዞ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ማየት ግዴታ ነው፣ በኦፕቲካል መመልከቻ የሚያይ ሰው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

የፊልተሩ ጥግግት 0.1 ብቻ ቢሳሳት ውጤቱ በ26 በመቶ ይዛነፋል። ስለዚህ መለካት አለበት፣ የጀሶው ሰሌዳ እዚህም ይጠቅማል። ጸሐይ ያረፈበት ሰሌዳ ያለ ፊልተር በ1/2000 7,900 ነበር፤ በሻተሩ እርማት 7,670። ፊልተሩ በሌንሱ ላይ ተደርጎ፣ ዙሪያው በጥቁር ጨርቅ ታሽጎ፣ በ32 ሰከንድ 4,740 ሆነ። 65,536 በ0.618 ሲካፈል 106,000፤ ፊልተሩ ከተጻፈበት 6 በመቶ ይበልጥ ይጠቁራል። ሌላ መብራት ሳያስፈልግ ራሷ ጸሐይ፣ በራሷ ቀለም፣ ፊልተሯን መለካቷ የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ነው።

በፎቶዎቹ ላይ የሚወሰደው የጠቅላላው ዲስክ ድምር ነው፤ የመሐሉ ንባብ አይበቃም። ጸሐይ ወደ ጠርዟ ትደበዝዛለች፣ ሙሉ ጨረቃ ግን እስከ ጠርዟ እኩል ታበራለች ማለት ይቻላል። የሁለቱ ድምር ጥምርታ 1.12 ሆነ፦ 1.12 በ4፣ በ106,000 ሲባዛ 475,000፤ በርቀትና በማዕዘን ታርሞ 417,000። ከሰሌዳው ውጤት በ2.5 በመቶ ይለያል።

የመጨረሻ ሩብ

ከሳምንት በኋላ፣ ግማሽ ዲስክ የበራች ጨረቃ። በ32 ሰከንድ የሚገኘው ንባብ ከጫጫታው ብዙም ስለማይርቅ ብዙ ፎቶዎች ተነስተው አማካያቸው ተወስዷል። አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ ሌላ የሚለካ ጥምርታ ይጨምራል፣ አልተደረገም። ቀጥታ ብርሃኗ በርቀት ታርሞ 90። ሙሉዋ ጨረቃ በዚሁ መለኪያ 1,093 (960 በርቀትና በማዕዘን ታርሞ) ስለነበረች ግማሿ ጨረቃ የምታበራው የሙሉዋን 1/12 ነው። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ሲሆን ተራሮቿና ጉድጓዶቿ ረጅም ጥላ ይጥላሉ፣ አቧራዋም ብርሃኑን የሚመልሰው በአብዛኛው ወደ መጣበት ወደ ጸሐይ አቅጣጫ ነው። በመጀመሪያ ሩብ ቢለካ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይል ነበር፤ በመጨረሻው ሩብ የሚበራው ወገን ጥቁሮቹ ሜዳዎች የሚበዙበት ነው። ከጸሐይ ጋር ያለው ጥምርታ 4.9 ሚሊዮን።